የላ ፓሲያንት ጥንቸል

በብሬስት ወደብ የአናይግን ቤት ያህል በእንባ የታጠበ ቤት አልነበረም። ባሏ ጉልቨን ላ ፓሲያንት የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ዋና መካኒክ ነው። ስሟ ትዕግሥተኛዋ ማለት ነው፤ ያወጡላት ሰዎች ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ። ምስኪኗ አናይግ ከእንባ በቀር ምን አላት?

አንድ ምስጢር ነበራት። በ1927 መርከቧ የመጀመሪያ ጉዞዋን ልትጀምር ስትል፣ የባሌ ደረት ብርድ አይችልም ብላ በሰደርያው ገበር ውስጥ የጥንቸል ቆዳ ሰፋችበት። የገበሬ ልጅ ናትና፣ መርከብ ላይ ጥንቸል ማሳፈር ቀርቶ ስሟን መጥራት እንኳ መዓት ያመጣል የሚለውን የባሕረተኞች ወግ አታውቅም ነበር። ከጎረቤት የሰማችው መርከቧ ከሄደች በኋላ ነው።

ከዚያማ መዓቱ ወረደ... የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ሊያዩዋት በመጡ ዕለት ላ ፓሲያንት አልጠልቅም አለች። ቱሎን ወደብ ላይ ደግሞ ጠልቃ ስድስት ሰዓት ሙሉ አልወጣም አለች። ወደ ማርቲኒክ ደሴት ስትሄድ ሞተሯ ተቃጥሎ እየተጎተተች ተመለሰች። ዜናው በደረሳት ቁጥር አናይግ ደረቷን ትደቃለች፤ ልትናገር አፏን ትከፍትና፣ ዓይንሽን አልይ ይለኛል ብላ መልሳ ትዘጋዋለች። አሥር ዓመት ሙሉ!

በመጨረሻ መርከቧ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጉልቨን አልጋ ላይ ወደቀ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል ውሃ እምቢ አለ። ሐኪሙም ሐዘን እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ ሄደ። ባሏ ሊሞትባት ነው፤ ገዳዩም እሷው ናት።

«ጉልቨን፣ መርከብህን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለችው ተንበርክካ። «ሰደርያህ ውስጥ...»

«ስሟን እንዳትጠሪ» አለ ሳይዞር።

«ታውቃለህ?»

«ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ። ስፌቱ ተተርትሮ ጭራዋ ብቅ አለ። የመርከባችን ቶርፔዶ ተኳሽ ቢያያት ኖሮ እኔኑ በቶርፔዶው ቱቦ ይተኩሰኝ ነበር። መልሼ ሰፋኋት።»

«ታዲያ ለምን አልጣልካትም?»

ጉልቨን ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ደህና መርከብ ላይ ያሉት መካኒኮች ቤታቸውን የሚያዩት በዓመት አንዴ ነው። እኛ ግን በተበላሸን ቁጥር ለጥገና ብሬስት እንመለሳለን። እስቲ ልጆችሽን አስቢያቸው።»

አናይግ አሰበች። የበኩር ልጃቸው ሚኒስትሩ ባፈሩ በዘጠኝ ወሩ የተወለደ ነው። ሴቷ የቱሎን ናት። መንታዎቹ የማርቲኒኩ ሞተር ናቸው።

«ደግ መርከብ ነበረች» አለ ጉልቨን።

ተቃቅፈው አለቀሱላት። ሰው ምርቃቱን እርግማን ነው እያለ ሲያለቅስበት ይኖርና፣ የሚያውቀው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። አልቅሰው ሲወጣላቸው ጉልቨን ራበኝ አለ።