ቅቤ አልቀባም ያለው ሰው

የዱር እንስሳት ጥበቃው ታምራት፣ ከተገፈፈችው ጎሽ አሥር እርምጃ ርቆ በደረቱ ተደፍቷል። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው። ከሃላሌ ቁልቁል ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ፣ በ1999 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ ላይ፣ ጠዋቱም ያቃጥላል። ከሶዶ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሰገነት ጃንጥላዋን ዘርግታ በሬሳው ዙሪያ ስትንጎራደድ ገበያ የወጣች ትመስል ነበር። ሚሊሻዎቹ በጃንጥላው ሳቁ፤ ጥላውን ግን አልጠሉትም፤ አንድ በአንድ ሥር ሥሯ ይሉ ጀመር።

ገዳዩ ተይዟል ተብላ ነው የመጣችው። ዱካ አሳዩ ሽማግሌ ቦሼ እጃቸው ታስሮ ሾላ ሥር ተቀምጠዋል። የአደኑ ጠመንጃ የተገኘው ከመኝታ ቁርበታቸው ሥር ነው፤ ትናንትም በሰው ፊት ታምራትን «ደሙ ባንተ እጅ ነው» ብለውታል። ቀትር ላይ መኪና መጥቶ ሊወስዳቸው ነው። በሰባ ዓመት ወህኒ የገባ ሰው መቼም የሚወጣው በቃሬዛ ነው።

«አባባ፣ ጠቡ ምን ነበር?»

«የአደን ፈቃዱ ለወንድ ጎሽ ነው። ነጋዴው አድነው ግን ሴት ገደለ። ሆድ ሲቀደድ ጥጃ አለ፣ ጸጉር አውጥቷል። ታምራት ጥበቃ ነው፤ ቆሞ አየ።»

«እርስዎም አዳኝ ነበሩ ይባላል።»

«ነበርኩ። ልጆቼ በሉት፣ ቆዳው መኝታ ሆነ። ይሄ ሰውዬ ሥጋውን ለአሞራ ትቶ ቀንዱን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው።»

«ጠመንጃውንስ ነክተዋል?»

«ትናንት ጠዋት ተኩሶ ሰጠኝ። በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ዛፍ ላይ ሰቀልኩ፣ ከቀትር በኋላ ወንዝ ወረድኩ።»

ፈጠነች የምትባለው ወጥ ሠሪ ዓይኗ እንዳበጠ ነው። «ትናንት ቀትር ላይ አቶ አድነውን እንደ ወጉ አናቱን ቅቤ ቀባሁት፤ ገዳይ ይቀባ የለ? ታምራት ‹እየጻፍኩ ነው› ብሎ አልመጣም። አባባ ቦሼን ልቀባ ስል እጄን ገፉት። ‹ለእናት ገዳይ ቅቤ አልቀባም› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ታጥቤ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩስ ሰማሁ።»

የሶዶው ነጋዴ አድነው ድንኳኑ ውስጥ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ተቀምጧል። አንገቱ ያብረቀርቃል።

«እህቴ፣ ይሄማ ግልጽ ነው። ቅቤውን እንኳ እምቢ አለ። ቂም ካልሆነ ምን ይባላል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ጋደም ብዬ። ቅቤው እየወረደ ትራሴን አበላሸው።»

«ጠመንጃውንስ?»

«ትናንት ጠዋት ከተኮስኩ ወዲህ አልነካሁትም። ስንቴ ልማልልሽ?»

ሚሊሻዎቹ ጠመንጃውን በማንገቻው አንጠልጥለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለውታል። ሰገነት አፈሙዙን አየች፣ ቃታውን አየች። ከዚያ ሰደፉ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው አገኘች። ባሏ አምሽቶ የገባባት ሚስት ጋቢ እንደምታሸት ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ሬሳው ሲነሳም ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ወጣ።

ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ፈጠነች፣ እስቲ አሽቺው።»

«ቅቤዬ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ወዲያው ደነገጠች። «እኔ ግን አልነካሁም።»

«አልነካሽም። የእጅ ቢሆን ቃታው ጋ ይቀር ነበር፤ ቃታው ደረቅ ነው። ይህ አነጣጣሪ ጉንጩን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ተኳሹ እጁን ታጥቧል። አናቱን ግን አልታጠበም፤ የተቀባ ሰው ቅቤውን ከታጠበማ ክብሩ ምኑ ላይ ይታያል?»

አድነው ሳያስበው ጉንጩን በእጅጌው ጠረገ። ሚሊሻዎቹ አዩት።

«ጠዋት ሲተኩሱ ቅቤ አልነበረም» አለች ወደ እሱ ዞራ። «ከዚያም ጠመንጃው ተወልውሏል። ይህ ጉንጭ ያረፈው ከቀትር በኋላ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ የተቀባው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባባ ቦሼ ወንዝ ወርደው ሳሉ ጠመንጃውን ከቁርበታቸው ሥር የከተተውም እሱ ነው። ትናንት ያሳሰራቸው እምቢታ ዛሬ ፈታቸው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ወረቀቱን አነበበችለት፦ «የተገደለችው ሴት ጎሽ ናት፤ ጽንስ ነበራት። ፈቃዱ እንዲሰረዝ…» እዚያ ላይ ያበቃል።

አድነው ባርኔጣውን አወለቀ። «ጎሽ ገዳይ ተብዬ ሶዶ ድንኳን ተጥሎልኛል፤ ዘመድ አዝማድ ይጠብቀኛል። ለአንዲት ጎሽ ብሎ ሊያዋርደኝ ነበር። እኔ የወጣሁት ለጨዋታ ነው።»

ፈጠነች ፊቷን አዞረች። ገመዱ ከሽማግሌው እጅ ተፈትቶ ወደ ነጋዴው እጅ ተዛወረ።

ቦሼ ግን አልተነሱም። አንጓቸውን እያሹ «ልጄ፣ ጽፈሽ ጨረስሽ?» አሉ።

«ምን ቀረ?»

«እኔ። የጎሿ ዱካ ጥልቅ ነበር፣ የኋላው ሰፋ ያለ። ያረገዘች ሴት መሆኗን አውቄ ነው ለአድነው ያሳየሁት።»

«አውቀው ለምን?»

«ድሮ እንደ ቦሼ ዱካ የሚያውቅ የለም ይሉኝ ነበር። አንዴ እንኳ ደግመው እንዲሉኝ ፈለግኩ።»

 ሰገነት ጃንጥላውን ለሽማግሌው አስያዘችና ይህንንም ጻፈች።