እማዬ አትበይኝ

ሮዴል መሰላል ተሸክሞ በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ጆቨሊን መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነበር። ነጠላ ጫማው የፊሊፒንሷን ከተማ የኢሎይሎን ጭቃ እንዳለ ይዞት መጥቷል።

«አንተ፣ በዚህ ጫማ ነው የምትገባው?»

«የአየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል ብላችሁ ጠርታችሁኝ እኮ ነው...»

«የጠራነው አንተን ነው፤ ጭቃውን አልጠራንም። ውጣልኝ!»

ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ በባዶ እግሩ ነበር፤ ጫማውን በላስቲክ ቋጥሮ በብብቱ ይዞታል። ጆቨሊን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሌላ ሰው ፍቅር በአበባ ይጀምራል፤ የነሱ በጭቃ ጀመረ።

ያ ክፍል ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ከማደንዘዣው እስኪነቃ የሚጠበቅበት ነው። አስታማሚ አይገባበትም፤ ቤተሰብ በበሩ መስታወት እያየ ውጭ ይቆማል። ጆቨሊን ከነርስነት ሥራ ሁሉ የምትመኘው ይሄንን ነበር። ሰው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ፊት እንዲሆን ትፈልጋለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ካለፈች እዚሁ ከተማዋ ትቀራለች። ከወደቀች ግን የሪያድ ሆስፒታል ውል ወደ ውጭ ሠራተኛ በሚልከው ኤጀንሲ ቤት ፊርማዋን እየጠበቀ ነው። ሁለት እህቶቿን የሚያስተምር ከሷ ሌላ ሰው የለም።

«ብወድቅስ?» ትለዋለች ሮዴልን።

«መሰላሌን ይዤ ሪያድ እመጣለኋ። እዚያ የተበላሸ ማቀዝቀዣ አይጠፋም።»

ሁሉም ነገር እንዲህ በቀልድ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እናቱ ግን ቀልድ አያውቁም። ወይዘሮ ሚላግሮስ ላፓዝ በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ባቾይ የሚሉትን የሥጋና የፓስታ ሾርባ የሚሸጡ፣ ከሾርባቸው ይልቅ ምላሳቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው። ሮዴል አንድ እሁድ እጮኛዬ ብሎ ይዟት ሲሄድ፣ ጆቨሊን እንደ ወጉ እጃቸውን ተቀብላ ግንባሯ ላይ ልታደርግ ጎንበስ አለች። እሳቸው ጭልፋቸውን አልለቅም አሉ።

«እንደምን አሉ እማዬ?»

«ነርስ ነሽ አሉ።»

«አዎ እማዬ።»

«እማዬ አትበይኝ።» ጭልፋው ድስቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። «የታላቁ ልጄ ሚስትም ነርስ ነበረች። እማዬ ስትለኝ ከአፏ ማር ጠብ ይላል። ሪያድ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ልጄ እስከ ዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። አንድ እማዬ ባይ ይበቃኛል። ላንቺ ወይዘሮ ሚላግሮስ ነኝ።»

«ኧረ እማ...» አለ ሮዴል።

«አንተ ሾርባህን ጠጣ።»

ጠጣ። ጆቨሊንን ከእናቱ ንግግር ይልቅ የሱ ዝምታ አንገበገባት።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ሚላግሮስን የሐሞት ጠጠር ጣላቸውና እዚያው ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ገቡ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቴሬሲታ ሥራ ስታከፋፍል ስማቸውን አነበበች።

«ጆቨሊን፣ እኚህን ያዣቸው። ዘመድሽ አይደሉም መቼም? ዘመድ ዘመዱን እንደማይጠብቅ ታውቂያለሽ።»

ጆቨሊን አፏን ከፈተች። የእጮኛዬ እናት ናቸው ልትል ነበር፤ እልህ ቀደማት።

«አንዛመድም» አለች።

ወይዘሮ ሚላግሮስ በተሽከርካሪ አልጋ እያንኮራፉ መጡ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ትንፋሻቸውን አይቶ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ሄደ። ጆቨሊን ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረገችላቸው። ተኝተው ሲታዩ ያ ሁሉ ቁጣ የለም፤ እሳት ሲያራግብ የኖረ የደከመ ፊት ብቻ ነው።

ድንገት ማንኮራፋታቸው ተቋረጠ።

ደረታቸው አይነሳም። ስክሪኑ ላይ የኦክስጅኑ ቁጥር ቁልቁል ወረደ፤ ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

«ሲስተር፣ ሐኪሙን!»

ሲስተር ቴሬሲታ ሮጠች። ጆቨሊን በራስጌ በኩል ቆመች። ጣቶቿን ከመንጋጋቸው ጀርባ አስገብታ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ፊት ገፋች። ይሄ ያማል። ማመሙም ደግ ነው፤ ይቀሰቅሳል።

«ወይዘሮ ሚላግሮስ! ይተንፍሱ!»

ምንም የለም። ትከሻቸውን በመዳፏ መታች፣ መንጋጋቸውን መልሳ ያዘች።

«ወይዘሮ ሚላግሮስ!»

ከንፈራቸው ጠቆረ። የጆቨሊን እጅ ግን አልለቀቀም። ከዚያ ሳታስበው አፏ ላይ መጣላት።

«እማዬ! እማዬ ተንፍሺ! እንዳትተኚ፣ ስሚኝ እንጂ እማዬ!»

ደረታቸው ተነሳ። ቆመ... ደግሞ ተነሳ። ሐኪሙ ደርሶ መርፌ ወጋቸው፤ ቁጥሩም ቀስ እያለ ወጣ። ጆቨሊን ላቧን በክንዷ ጠርጋ ቀና ስትል፣ በበሩ መስታወት ማዶ ሮዴል ቆሟል። ወፍራም መስታወት ድምፅ አያሳልፍም። እሱ ያየው የምትጮህ አፍ፣ እናቱ አንገት ስር ያሉ እጆችና አንድ ምት ነው።

ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«ምን እያደረግሻት ነበር?»

«ትንፋሻቸው ቆሞ ነበር። ሮዴል፣ ምላስ ወደ ኋላ ሲወድቅ መንጋጋን...»

«አንገቷን ይዘሻል። ስትመቻት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ባልመታቸው ኖሮ...»

«የእሁዱ ንግግሯ ከሆድሽ አልወጣም፣ አይደል?»

ጆቨሊን ትክ ብላ አየችው።

«የምታውቀኝ እንዲህ አድርገህ ነው?»

እናቱ ፊት ምላሱ የታሰረው ሰው ዛሬ ተፈትቶለት፣ ሲስተር ቴሬሲታ ዘንድ አቤት አለ። እጮኛዬ ነበረች፣ እናቴ አልቀበልሽም ስላለቻት ተበቀለቻት አለ።

ሲስተር ቴሬሲታ ጆቨሊንን ለብቻ ጠራቻት።

«ትንፋሻቸው መቆሙን ሐኪሙም ከስክሪኑ አይቷል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አንዛመድም ብለሽኛል። ከዋሸሽኝ በኋላ እጅሽ ምን አስቦ እንደነበር እንዴት ልመስክርልሽ? ነገ ታካሚዋ ራሳቸው ይናገሩ።»

ማታውን ከኤጀንሲው መልእክት መጣ፤ መቼ ትፈርሚያለሽ ይላል። ጆቨሊን «ነገ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን ትራሷ ስር ከታ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ ወይዘሮ ሚላግሮስ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሁለት ጆሯቸው ስር የጣት ቅርጽ ያለው ሰማያዊ ምልክት ወጥቷል። ሮዴል በአንድ በኩል፣ ሲስተር ቴሬሲታ በሌላ በኩል ቆመዋል። ጆቨሊን ከበሩ አላለፈችም።

«ያማል» አሉ ምልክቱን እየዳሰሱ።

«አየሽ?» አለ ሮዴል ወደ ሲስተር ቴሬሲታ ዞሮ።

«ዝም በል፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደክሞኝ ነበር። ጥሩ ቦታ ነበርኩ፤ ድስት የለ፣ ጭስ የለ። ከሩቅ ወይዘሮ ሚላግሮስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የገበያ ግብር ሰብሳቢው መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ሲስተር ቴሬሲታ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ቀጥሎ አንዷ እማዬ ብላ ጮኸች። እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም። ይቺ የማን ልጅ ናት እንዲህ የምታለቅሰው፣ እስቲ ልያት ብዬ ተመለስኩ። አንቺ ነበርሽ?»

«አላለቀስኩም» አለች ጆቨሊን እንባዋ እየወረደ። «እንዳልልዎት ነግረውኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በሌላ ስም ብትጠሪኝ አልመጣም ነበር።»

«ቢሆንም አንዛመድም ብላ ዋሽታኛለች» አለች ሲስተር ቴሬሲታ።

«እሷ እኔ ያልኩትን ነው የደገመችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ወደ ጆቨሊን ዞሩ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። «ትሄጃለሽ?»

«ይሄ ክፍል ከተቀበለኝ የትም አልሄድም።»

«ታዲያ አንቺ ሴትዮ ምን ትጠብቂያለሽ? ተቀበያት እንጂ።»

ሲስተር ቴሬሲታ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች። «የሙከራውን ነገር ለእኔ ተይው። ሁለተኛ ዘመድሽን ደብቀሽ ብትይዢ ግን በመጣሽበት በር ነው የምትወጪው።»

ወይዘሮ ሚላግሮስ መርፌ የተተከለበትን እጃቸውን ዘረጉ። ጆቨሊን ቀስ ብላ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

ሮዴል ኮሪደሩ ላይ፣ መንቂያው ክፍል በር አጠገብ ጠበቃት። በባዶ እግሩ ነው። ጫማው በላስቲክ ተቋጥሮ ብብቱ ስር አለ።

«በመስታወት አይተህ ፈረድክብኝ» አለችው።

«አዎ።»

«የውስጡን ልትጠይቀኝ አልቻልክም?»

«ፈራሁ ጆቪ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ያጣኋችሁ መሰለኝ። ይሄ ሰበብ እንደማይሆን አውቃለሁ።»

«አይሆንም።» ልቧ ቆስሏል፤ ደግሞም ትወደዋለች፤ ሁለቱም እውነት ነው። «ዛሬ አላቅፍህም። ጫማህን ግን አድርግ፣ ወለሉ ይበርዳል።»

ይቅርታዋ ጊዜ ወሰደ። ሮዴልም አልቸኮለ፤ እናቱ ሲያበዙ «እማ፣ ተያት» ማለትን ተማረ። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ተጋቡ።

ዛሬ ጆቨሊን ከሥራ ስትወጣ ጂፕኒ በሚሉት የከተማ ታክሲ ላፓዝ ትወርዳለች። ገበያው ይንጫጫል፣ ድስቱ ይፈላል፣ ወይዘሮ ሚላግሮስ ጀርባቸውን ሰጥተው ያማስላሉ። ከመንገዱ ማዶ ሆና ትጣራለች።

«እማዬ!»

እሷ ስትጠራቸው ሁለተኛ መጥራት አያስፈልጋትም።

«ወዬ!» ይላሉ ጭልፋቸውን ጥለው።