የአርባ ሰው ሽንት

ሰኞ ጠዋት የማቀዝቀዣው ክፍል ሲከፈት የላቦራቶሪው ኬሚስት በሩ ሥር ተኮራምታ ሞታ ተገኘች። የበሩ መወርወሪያ ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው። በግራ እጇ አምስት የሽንት መመርመሪያ ወረቀቶች ጨብጣለች፤ ስኳር መኖሩን የሚያሳየው ምልክት በአምስቱም ላይ ቡናማ ሆኗል።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቹን ከሟቿ ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀች። የላቦራቶሪው ኃላፊ ከኋላዋ ቆሞ ክራባቱን ያስተካክላል።

«ጥንቃቄ የሚባል አልነበራትም» አለ። «በሩ በራሱ ተዘግቶባት ይሆናል።»

«በሩ ራሱ መወርወሪያውን ገፍቶ ማለትዎ ነው?»

ኃላፊው ወደ ክራባቱ ተመለሰ። ኢንስፔክተሯን በሃያ ዓመት የምርመራ ሥራዋ የሰለቻት የሬሳ ብዛት ሳይሆን እንዲህ ያለ ሰነፍ ውሸት ነበር።

ሟቿ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ አርባ ሠራተኞችን ሽንት እየመረመረች፣ ከሻገተ በቆሎ የሚወጣው መርዝ ምን ያህል ወደ ሰውነታቸው እንደገባ ትከታተል ነበር። መርዙ ዓመታት ወስዶ ጉበት ይጨርሳል። ባለፈው ወር ከአርባው በሠላሳ አንዱ ላይ አግኝታዋለች። ሁለተኛው ዙር ያንኑ ካሳየ ፋብሪካው ይታሸጋል። የሁለተኛውን ዙር ናሙና ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቦ ያመጣው ኃላፊው ራሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሟቿ ሌላ በሕንፃው ውስጥ የታዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊው፣ የእህቱ ባል የሆነው የፋብሪካው ባለቤትና ኬሚስቷን ሊወስዳት መጥቶ የነበረው ባሏ። ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ሻይ አስቀርባ በየተራ አነጋገረቻቸው።

«ተጣልተን ነበር» አለ ባልየው። «ስትቆይብኝ ጊዜ አኩርፋ እናቷ ቤት የሄደች መስሎኝ ተመለስኩ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ እንኳ አልደወልክም?»

«እሷ ትደውል ብዬ።»

ትክ ብላ አየችው። ይሄ ገዳይ አይሆንም፤ ለመግደልም ከወንበር መነሳት ያስፈልጋል።

የፋብሪካው ባለቤት ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ገለበጠ።

«እህቴ፣ ትንሽ ሻጋታ ማንን ገደለ? ስንቱን በልተን አይደል ያደግነው!»

«ቤትዎ የሚበላው የፋብሪካዎ ዱቄት ነው?»

«የእኛ ቤት እንኳን…» ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኛ ቤት ከውጭ የመጣ ነው የሚገባው።»

ኃላፊው ደግሞ የስኳሩን ዕቃ በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። «ለእኔ ክልክል ነው።»

በአራተኛው ቀን ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ከአርባው ብልቃጥ በአንዱም የሻጋታ መርዝ የለም» አለች። «በአርባውም ግን ስኳር አለ፤ ያውም እኩል። ከሠራተኞቹ አሥራ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። የዘረመል ምርመራው ግን ሁሉም የአንድ ወንድ ሽንት ነው ይላል። ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ለመሙላት ስንት ጠርሙስ ውሃ ጠጡ?»

«ስኳር ያለበት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለ ኃላፊው።

«አይደሉም። ስለዚህ ሻይ የጠጣችሁባቸውን ብርጭቆዎች አስመረመርኩ። የገጠመው የእርስዎ ነው። የላቦራቶሪ ሰው ሆነው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሽንት የሚሸና መሰለዎት? ሠላሳ አንድ በሽተኛ በአንድ ወር መዳኑ ኬሚስቷን አልዋጥ አላት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብታ አምስቱን ፈተነች። ያየችውን ለአለቃዋ ለመንገር ጠራችዎት። እርስዎም በሩን ዘጉት።»

ኃላፊው ክራባቱን ፈታ። «ማታ ተመልሼ ልከፍትላት ነበር… ቤት እንግዳ በዛብኝ።»

የፋብሪካው ባለቤት ወንበሩን ከአማቹ ወንበር አራቀ። ባልየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ኢንስፔክተሯ ፖሊሶቹን አስገባች።

እውነተኛው ናሙና ተደፍቶ ስለነበር በማግስቱ ከጤና ባለሙያ ጋር ወደ ፋብሪካው ሄደች። ሠራተኞቹ ዱቄት እንደለበሱ ተሰለፉ። አንዲት እህል አበጣሪ ብልቃጧን ይዛ ዙሪያውን ቃኘች።

«ያቺ ልጅ ዛሬ አልመጣችም እንዴ?»

«ሞታለች እናቴ።»

ሴትዮዋ ብልቃጧን ቁልቁል አየች። «ታዲያ ውጤቱን ማን ይነግረናል? ሌላው እኮ ደህና ናችሁ ብቻ ነው የሚለን።»

ከሳምንት በኋላ ኢንስፔክተሯ የውጤቱን ወረቀት ይዛ ግቢው ውስጥ ቆመች። ወፍጮዎቹ ጸጥ ብለዋል። መርዙ የተገኘባቸውን የሠላሳ ስድስት ሰዎች ስም አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ጠራች።