ፀሐይ እስከ ማሽኔ የደረሰችበት ቀን

ከግቢያችን አትክልተኛ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሥራ የተከራየኋት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት፤ እሱንም የግቢው ትልቅ ዛፍ ግጥም አድርጎ ጋርዶታል። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ስታገል ቆይቼ አንድ ቀን ብው ብዬ ወጣሁ።

«ይሄን ዛፍ ቁረጥልኝ!»

ቁጢጥ ብሎ ሲኮተኩት የነበረው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። እርጋታው ያበሽቃል።

«ትንሽ ታገሽው። ቅጠሉ ይረግፋል።»

«እስኪረግፍ ዓይኔ ይጠፋል።»

«ዓይንሽማ አይጥፋ» አለና ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ታገሽው» የሚል ስም አወጣሁለት። ግን መዋሸት ምን ያደርግልኛል... ጠዋት ስገባ በዛፉ አሳብቤ እሱን መፈለግ ጀምሬ ነበር።

ብርዱ ሲገባ ሰኞ ሰኞ ወለሌ ላይ የጠመኔ መስመር አገኝ ጀመር። እሑድ አልሠራም፤ ሌላ ቁልፍ ያለው ደግሞ ግቢውን የሚጠብቀው ታገሽው ብቻ ነው። መስመሩ በየሳምንቱ ከመስኮቱ እየራቀ ወደ ውስጥ ይገፋል። እኔ በጠመኔ የተሰመረ ነገር ሲቆረጥ እንጂ ሌላ ሲሆን አላየሁም። ክፍሌን ለሁለት ሊከፍሏት ነው ብዬ ደመደምኩ።

አከራዬ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ታገሽው ግን... ፊቴ እየሳቀ ከኋላዬ ይለካል? ልጠይቀው ኩራቴ አልፈቀደም። ሌላ ከተማ ላለችው እህቴ ደውዬ «እቃዬን ይዤ አንቺ ጋ ልመጣ ነው» አልኳት።

እቃዬን ስጠቀልል መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ልውጥ አለ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ክፍሉን ሳትከፍሉት ልቅደም ብዬ። ለክተህ ጨርሰህ የለ?»

መስመሮቹን አየ። እኔን አየ።

«የለካሁት ፀሐይዋን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሑድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ የደረሰችበትን አሰምራለሁ። ዛሬ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ አጭሩ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ቆይልኝ... ከዚያ ሂጂ።»

ያቺን ሰዓት እኔ ሁልጊዜ ምሳ ፍለጋ ውጪ ነኝ። ቆየሁ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቆሟል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በባዶዎቹ ቅርንጫፎች መሃል ገባች፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ አልፋ የማሽኔ መርፌ ላይ አረፈች። እጄን ሞቀኝ። ለካ ጨለማ የሚበዛበት ቀን፣ ብርሃን ከሁሉ ቀን አርቆ የሚገባበት ቀን ኖሯል። አለቀስኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ዛፉን ለማትረፍ የፈጠርኩት ይመስልሽ ነበር። ደግሞም... ፀሐይዋን አሳይቼ ሌላም ልነግርሽ ነበር።»

«ምን?»

«እንደምወድሽ።»

መርፌው ላይ ያረፈችውን ብርሃን በጣቴ እየነካሁ «ነገስ?» አልኩት።

«ከነገ ጀምሮ ቀኑ ይረዝማል፤ ፀሐይዋ ግን በመጣችበት ትመለሳለች። ማሽኑን መስመር በመስመር እየገፉ እሷን መከተል ነው።»

«ይሄ ማሽን ድፍን ብረት ነው። ብቻዬን አልችለውም።»

«ብቻሽን ግፊው ማን አለሽ?»

ለእህቴ ደውዬ መምጣቴ እንደቀረ ነገርኳት።

ዛፉ ሲለመልም ተጋባን። ቅጠሉ ክፍሏን እንደገና ሲያጨልማት ማሽኑ መስኮቱ ሥር ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ አጭሩን ቀን ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው።