የቅጣቱ መለኪያ

"አንተ ነህ ያበሰልከው! አንተው ነህ ያማሰልከው! ምን ጨመርክበት?"

"አይብ ነዋ! ግሩየርና ቫሽረን፣ ግማሽ በግማሽ! ሌላ ምን ልጨምር፣ አርማን?"

"ታዲያ ኡርባን ለምን አረፋ ደፈቀ?"

ኖርበር ድስቱን በማማሰያው ጫር ጫር አደረገ። ጓደኛቸውን ኡርባንን ወደ ሆስፒታል የጫነው ሄሊኮፕተር ከሞሌዞን ተራራ ጀርባ የተሰወረው ገና አሁን ነው። ፎንዱው፣ ዳቦ በሹካ እየተጠቀሰ የሚበላው የቀለጠ አይብ፣ ድስቱ ውስጥ ግግር ብሏል። ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

"ቁርጠት ጀመረኝ፣" አለች የአርማን ሚስት ኦዲል። "መጣ፣ መርዙ መጣ!"

"ፍርሃት ነው ባክሽ፣" አለ ኖርበር።

ፖሊሷ ሳጅን ሚሪት በረዶዋን ሳታራግፍ ገባች።

"ከዚህ ድስት ያልበላ አለ?"

"የለም።"

"ሁላችሁም በልታችሁ አንዱ ብቻ ወደቀ? መርዝ ሰው ይመርጣል እንዴ? ኡርባን ብቻውን የቀመሰው ምንድነው?"

ኦዲል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች።

"የቅጣቱን መለኪያ፣" አለች ኦዲል ቀስ ብላ።

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ዳቦው ከሹካው ወልቆ አይቡ ውስጥ የቀረበት ሰው አንድ መለኪያ ኪርሽ ይጨልጣል፤ እንደ ውሃ የጠራ፣ ጉሮሮ የሚልጥ የቼሪ አረቄ። ከዚያ አጠገቡ ያለችውን ሴት ይስማል።

"ዳቦ የጣለው ኡርባን ነው?"

"እኔ ነኝ፣" አለ ኖርበር። "መለኪያዬን ቀማኝ። አረቄ ሲያይ እኮ እናቱንም አያውቅ።"

"ሌላ ጊዜስ የሚጥለው ማነው?"

"ኖርበር ነዋ!" አለች ኦዲል። "እሱ ዳቦ ያልጣለበት እሁድ አለ እንዴ?"

ያኔ ለኖርበር ገባው። መለኪያው የሱ ነበር። ሞቱም የሱ ነበር። ያዘጋጀለት ደግሞ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ከአንድ ድስት አብሮት ሲያጠቅስ የዋለ።

"ማን ቀዳው?" አለች ሳጅኗ።

"እኔ፣" አለች ኦዲል።

ኖርበር ወንበሩን ከሷ አሸሸ። ሴትየዋ እባብ ሆና ታየችው።

ሳጅኗ ወደ ማድቤት ገብታ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። መለኪያ ሞልታ ለኦዲል ዘረጋችላት።

"የቀዳሽውን ቅመሺዋ።"

"ምን ገዶኝ!" አለች ኦዲል። ወደ አፏ አስጠጋችው።

"እንዳትጠጪ!"

አርማን ዘሎ መለኪያውን በጥፊ አስፈነጠረው። ብርጭቆው ግድግዳው ላይ ደቀቀ።

ሳጅኗ ካቴናዋን አወጣች። "ውሃ ነበር እኮ፣ አርማን። ኪርሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንተ ግን ውስጡ ያለውን ከኛ በፊት አወቅከው።"

"የአይጥ መርዝ ነው፣" አለ አርማን ጥርሱን ነክሶ። "ለአይጥ ገዝቼ ለአይጥ አዋልኩት!"

"ምን በደልኩህ?" አለ ኖርበር። "አብረን አይደል ያደግነው?"

"በየእሁዱ ዓይኔ እያየ ሚስቴን ትስማለህ! ሆን ብለህ ነው የምትጥለው!"

"በማርያም፣ ሆን ብዬ አይደለም! ይሄ እጄ ነው የማይረባው!"

ኦዲል የተሰበረውን ብርጭቆ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

"እጅህ ምን አጠፋ? ሹካህን እየገፋሁ የማስጥልህ እኔ ነኝ።"