ያለ አዛን የተጋደመው ሜትር

የጨርቅ ነጋዴው ጀማለዲን በገዛ ሱቁ ቆጥ ላይ፣ በተናደ የጣቃ ክምር ሥር ሞቶ ተገኘ። የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ። አጠገቡ ካለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ያልበራ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ውጪ የሐምሌ ዝናብ የመርካቶን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ከታች ደግሞ እህቱ ሀፍሷ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች።

ኢንስፔክተር ታንጉት ከራጉኤል በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። በዚያ ዝናብ ወደ መርካቶ በመኪና እገባለሁ የሚል መርካቶን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጃንጥላዋን ከባንኮኒው ሥር አስገብታ መሰላሉን ወጣች። ጣቃዎቹ ሲነሱ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች። ከንፈሩ ላይ ቀይ የጨርቅ ብናኝ ተጣብቋል። በላዩ የተናዱት ጣቃዎች ግን ሁሉም ነጭ አቡጀዲ ነበሩ።

ስትወርድ ሳጅን ወልደሚካኤል ካቴናውን አውጥቶ ጠበቃት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ሟች በኢንተርኔት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማር ነበር፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ዛሬ ከሰዓት ትምህርት ነበረው። እስከ መጨረሻው ተከታትሏል፣ ጥያቄም ጽፎ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ እዚህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ደግሞ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ሀፍሷ ቀና አለች። ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ናት። ዛሬ ከታሰረች ልጆቿን የሚሰበስብ የለም፤ ከአባቷ የወረሰችው የሱቁ ግማሽም ተከራካሪ አይኖረውም።

«ተጨቃጭቀናል፣ አልዋሽም» አለች። «የአካውንቲንግ ምሩቅ ነህ፣ በአርባ ዓመትህ ሕግ ምን ያደርግልሃል አልኩት። ‹ላንቺ ስል ነው› አለኝ። ከዚህ በላይ ምንም አላለኝም። ምሳ ይዤለት ስመለስ ደግሞ...»

ሳህኑ ያልተፈታ ጨርቁን እንደለበሰ ባንኮኒው ላይ ነበር። ታንጉት እሱን አየችና ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ካቴናውን መልሰው። እስከ ማታ ታገሰኝ።»

«ማታ ካልሆነስ?»

«ያኔ ራሴ አስራታለሁ።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው አጎትየውን ሀጂ ሀምዳንን ነው። የመስመሩ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን አፍርሰው ባለ ብዙ ፎቅ ለመሥራት የመሠረቱት አክሲዮን ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ ወይ ተደራጅቶ መገንባት፣ ወይ ቦታውን መልቀቅ ነበር።

«ከእሱ ጋር ጸብ ነበረዎት ይባላል፣ ሀጂ።»

«ጸብ አይደለም፣ ንትርክ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መማር ከጀመረ ወዲህ ሁሉን ነገር ይጠይቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የኛው ግን ከተጠመጠመ በኋላ ነው መማር ያማረው። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት የምጠይቀው አለኝ ብሎኝ ነበር።»

«ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«አልነገረኝም። እኔን መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።» መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «ተቀይሜው ሞተ፣ ልጄ።»

የማኅበሩ ጠበቃ አቶ ፍቃዱ በንጹሕ ካፖርት መጣ። ሀፍሷን ወንድማዊ በሆነ አኳኋን አጽናና፤ ሰውየው ማጽናናት ያውቅበታል።

«ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ» አለ ለታንጉት። «ሳስጠናውም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ይከብደው ነበር። የሕግ መሠረት የለውማ። ውል ብለው ቢያስረዱት የሚገባው በጣቃ ጨርቅ ሲመነዘርለት ነው።»

«ዛሬ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ትምህርቱ ላይ በነበረበት ሰዓት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ቢሮዬ ነበርኩ። ጸሐፊዬን ይጠይቋት።»

ተጠየቀች። እውነት ነበር።

ትይዩ ያለው ነጋዴ ሙነወር ሲጠራ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ፈራ ተባ አለ። ታንጉት መሬት ላይ ቆሞ የነበረውን የእንጨት ሜትር እያየ መሆኑን ልብ አለች። ጨርቅ የሚለካበት ረጅም እንጨት ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ያ ሜትር በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር» አለ ሙነወር። «እኛ ዘንድ ሰው ሶላት ሲሄድ ሱቅ አይቆልፍም፤ ሜትሩን በሩ ላይ ያጋድማል። ሜትር ከተጋደመ ማንም አይሻገርም፣ ሌባ እንኳን ያፍራል። ዛሬ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ከጀማል ጋር ሰግደን አብረን ተመለስን። እኔ ከጓዳ ዕቃ ሳወጣ ቆየሁ፤ ብቅ ስል ሜትሩ ተጋድሟል። ግራ ገባኝ። አሁን ሰግደን መጣን፣ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ደግሞ አዛን አላለም። ግን ተጋድሟልና ዝም አልኩ። ሀፍሷ እስክታነሳው እዚያው ነበር።»

«ለትምህርቱ እንዳይረብሹት ብሎ አጋድሞት ይሆን?»

ሙነወር የስድብ ያህል ተሰማው። «ጀማል? በሶላት ስም ሊዋሽ? ትምህርት ላይ ሲሆን ሱቁን ክፍት ትቶ ገበያውን ለኔ ነው የሚሰጠኝ።»

ታንጉት ወደ መደርደሪያው ሄደች። ጨርቁ ሁሉ በእንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ ተሰልፏል። ታች ጥግ ላይ አንድ ቀይ የከፋይ ጨርቅ ብቻ እንደ ጋዜጣ አራት ማዕዘን ታጥፎ ተቀምጧል። ቀስ ብላ ገለጠችው። መሀሉ ላይ የምራቅ እድፍ ነበረበት።

ሞቱን ሰምታ ከአብነት ሰፈር የመጣች ወጣት ሴት በሩ ላይ ታለቅሳለች። ሶፊ ትባላለች፣ መሐንዲስ ናት፣ የጀማለዲን የትምህርት ጓደኛ።

«ከክፍሉ ሕግ ያልተማርነው እኔና ጋሽ ጀማል ብቻ ነን» አለች። «እኔ እንዳይሳቅብኝ ዝም እላለሁ። እሱ አያፍርም፤ ሁልጊዜ ‹እኛ መርካቶ› ብሎ ነው የሚጀምረው። ‹እኛ መርካቶ እጅ ከተመታ ተሸጠ ነው፣ እናንተስ?› ይላል። መምህሩ በጣም ይወደው ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ረቂቅ ጥያቄ ነው የጻፈው። መምህሩ ‹ዛሬ ገና ጠበቃ ሆንክ› አለው። ደስ አለኝ፣ ትንሽ ግን ከፋኝ። ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።»

«ድምፁን ሰማሽ?»

«ኔትወርኩ ስለማይችል እንጽፋለን እንጂ አንነጋገርም።»

ታንጉት ጥያቄውን በቃሏ አስደገመቻት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሀጂ ሀምዳን ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ በጣቃዎቹ መሀል ቆሙ። ሳጅኑ ከሀፍሷ አጠገብ አልራቀም፤ ካቴናው እጁ ላይ ነው። ሀፍሷ ካቴናውን ላለማየት ዝናቡን ታያለች።

«ሟቹ ደካማ ተማሪ እንደነበር አቶ ፍቃዱ ነግረውኛል» አለች ታንጉት። «እውነታቸውን ነው። ዛሬ እንኳን የጠየቀው የሚያሳፍር ነገር ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቃል ቃል ይባላል ወይ ብሎ ነው አሉ የጠየቀው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።»

ሶፊ አፏን ልትከፍት ስትል ታንጉት በዓይኗ ያዘቻት።

ፍቃዱ ፈገግ አለ። ሊታገስ ሞከረ፣ አልቻለም። «የለም፣ ስለ ጽሑፍ እንኳን አልነበረም» አለ። «ቃልን አምኖ ስለተጎዳ ሰው ነው። ተቀባዩ በምላሹ ምንም ባይሰጥም ፍርድ ቤት ሊደርስለት ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። እጅግ የበሰለ...»

ቃሉን ዋጠ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ የጠበቃ አፍ ደግሞ ለዓመታት ደሞዝ የበላ ሎሌ ነው።

«ማን ነገረዎት?» አለች ታንጉት። «ዛሬ አላየሁትም ብለውኛል። ሶፊም አታውቅዎትም።»

ፍቃዱ ወደ በሩ አየ።

«እኔ ልናገር። ሜትሩ ጀማለዲን ሶላት ሄዷል ይላል፤ ኮምፒውተሩ ትምህርት ላይ ነው ይላል። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይገኝም። ጀማለዲን ደግሞ ሜትሩን አያስዋሽም። እዚህ ያሉት ሁሉ ሜትር በአዛን እንደሚጋደም ያውቃሉ፤ ዝግ ነው ማለት ብቻ የመሰለው ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት ያጋድመዋል። የታፈነው በዚህ ቀይ ከፋይ ነው። አቡጀዲው የተናደው በኋላ ነው። ሀጂም፣ ሀፍሷም፣ ሙነወርም ቢሆኑ ከፋዩን መልሰው ይጠቀልሉት ነበር፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም። ይህን ያጠፈው ወረቀት ሲያጥፍ የኖረ እጅ ነው። ከዚያ ቢሮ ሄደው፣ ባስመዘገቡበት የይለፍ ቃል ገብተው፣ በሟቹ ስም ተማሩ። ጀማለዲን በሕይወት አለ እንዲባል፣ ጥፋቱም ዘግይታ በምትመጣው ላይ እንዲወድቅ። ‹እኛ መርካቶ› ብለው አንድ የጀማሪ ጥያቄ ቢጽፉ ኖሮ እኔም አልደርስብዎትም ነበር። ግን እንደ ጀማሪ መጠየቅ አቃተዎት።»

«ለምን?» አሉ ሀጂ ሀምዳን። «ፍቃዱ፣ ለምን?»

«ቅዳሜ ሊጠየቁ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም፣ ሀጂ» አለች ታንጉት። «እሳቸው ናቸው። ሀፍሷ፣ የአክሲዮን ድርሻሽን ማን አስመዘገበልሽ?»

«ጋሼ ፍቃዱ ነዋ» አለች ሀፍሷ። «ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ስለ ድርሻሽ አታስቢ፣ ቃሌ ነው አለኝ።» ከዚያ የፈረመችው ድርሻዋን የሚወስድባት ወረቀት እንደነበር ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ፍቃዱ ካፖርቱን አስተካከለ። «አጎትየው ሳያነብ ፈረመ፣ እህትየው ሳታነብ ፈረመች» አለ በዝቅታ። «አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቁጭ ብሎ ያነባል ብዬ አላሰብኩም።»

ሳጅን ወልደሚካኤል ከሀፍሷ አጠገብ ተነስቶ ካቴናውን ወደሚገባው እጅ ወሰደው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሀፍሷ ሶፊን በእጇ ያዘቻት።

«ያ ጥያቄ» አለቻት። «ቃል አምኖ የተጎዳው ሰውዬ። መምህሩ ምን አለ? ይደረስለታል?»

«‹አንዳንዴ› ነው ያለን» አለች ሶፊ። «ተከራካሪ ካገኘ።»

«አንቺ ትጨርሽዋለሽ ትምህርቱን?»

ሶፊ ወደ ቆጡ ቀና ብላ አየችና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ እኔም እጠይቃለሁ አለች፣ ቢስቁም ይሳቁ።

የምሽቱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሀፍሷ ሜትሩን አነሳች፤ ለጥቂት ጊዜ ወንድሟ ይይዘው በነበረበት በኩል ይዛው ቆየች። ከዚያ በሩ ላይ አጋድማ ልትሰግድ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

ታንጉት መንገዱ መሀል ላይ ስትደርስ ጃንጥላዋን ባንኮኒው ሥር መርሳቷ ትዝ አላት። ተመልሳ በሩ ጋ ደረሰች። ጃንጥላው ከሜትሩ ወዲያ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት ቦታ ነበር። የካፖርቷን አንገትጌ አቁማ ሶላቱ እስኪያልቅ ዝናቡ ላይ ቆመች።