የደረት ኪስ

ሬሳው ሲመጣ የሟቹ ሚስት ያየችው የባሏን ፊት ሳይሆን ጃኬቱን ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ቃሬዛውን ውድድሩ በሚስተናገድበት አዳራሽ በረንዳ ላይ አሳረፉ፤ አንደኛው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ «እሱ ነው?» ሲላት፣ «ስፌቱ የእኔ ነው» አለች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልብስ ሰፊ መሆኗን ስላላወቁ ድንጋጤው አእምሮዋን የነካው መሰላቸው። እሷ ግን ገና አልደነገጠችም። ሰውነቷ ሁሉ እንደተኙበት ክንድ ደንዝዟል።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ መስመር ሲመላለስ ለሚውል ሰው፣ መንገድ የሌለበት ውድድር ከበዓል ይበልጥበታል። በዚህ የተራራ ሩጫ ተወዳዳሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፉና፣ ጠዋት በሚታደላቸው ካርታና በገዛ ኮምፓሳቸው እየተመሩ በየተራራው የተተከሉትን ባንዲራዎች ፈልገው ያገኛሉ። ጥንዶቹ መለያየት አይፈቀድላቸውም። ዘንድሮ ምክንያቱን ሳይነግራት ልተወው ብሎ ሲያመነታ፣ ደስ ይበለው ብላ በስሙ ያስመዘገበችው እሷ ናት። ስለዚህ ማን ገደለው የሚል ሰው ቢኖር የሚጠራው የእሷን ስም እንደሆነ ከቃሬዛው አጠገብ ቆማ አሰበች፤ ሐሳቡም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይሰማት አለፈ።

የመጣው መርማሪ በመሥሪያ ቤቱ «ሹራቡ» የሚባል አጭር ሰውዬ ነው። ፀሐይ እየፈጀው እንኳ ሹራብ አያወልቅም ይባላል። የአካባቢው ፖሊሶች ጉም ወርዶ ሰው ገደል ገባ ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር። ሹራቡ ካርታውን አይቶ አንድ ነገር ከነከነው፤ ቀጣዩ ባንዲራ ያለው በሰሜን ሲሆን፣ ሰውየው የሞተው በደቡብ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ጀማሪ ይሠራው ይሆናል፤ ሟቹ ግን በዚህ ሩጫ የሸበተ ሰው ነው።

ጥያቄውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጀመረ። ሴትየዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ውጪ ብሎ የሚደፍራትም አልተገኘም።

መጀመሪያ የባሏ ጥንድ የነበረው አሰልጣኝ ቀረበ። በስፖርት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የሚያሠለጥን፣ አምና ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ ዋንጫውን የወሰደ ሰው ነው። ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከአምባው አናት ላይ ጣሪያ የሌላት የድንጋይ ጎጆ ዘንድ ሲደርሱ ጉሙ መውረዱን፣ እግሩም ወለም ማለቱን ተናገረ። ባንዲራው ቅርብ ስለነበር ሟቹ «አንተ ቁጭ በል፣ ነክቼ ልመለስ» ብሎት ሄደ።

«አቅጣጫውን በምን አወቀ?» አለ ሹራቡ።

«ሁለታችንም ኮምፓሳችንን አውጥተን ጎን ለጎን አየን። ልክ ነበር። ሰሜን በዚህ ነው ተባብለን ተለያየን። ከዚያ በኋላ ምን እንደዞረበት እንጃ። ጉም ክፉ ነው፣ ጌታዬ።»

ቀጥሎ ዕቃ ፈታሹ መጣ። ፖስተኛ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ነገር የሚያረዝም ሰው ነው። በዋዜማው የሁሉንም ኮምፓስ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እንደሚደረድርና ቀዩ የመርፌ ጫፍ በሙሉ ወደ አንድ ግድግዳ ማየት እንዳለበት ሲያስረዳ ሹራቡ ሁለት ጊዜ አዛጋ። የሟቹ ኮምፓስ እንደ ሌሎቹ ደህና ነበር። ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ማንጠልጠያ ክሩንም ከአንገቱ አውልቆ ሰጥቶታል፤ ሲመለስለትም እዚያው ከቶታል።

የውድድሩ አዘጋጅ የሆነችው ሴት ደግሞ ከሟቹ ጋር በዋዜማው ስትጨቃጨቅ የሰሟት ስለነበሩ ፊቷ አመድ መስሎ ነው የተቀመጠችው። ሰውየው ስለ አምናው አሸናፊዎች የሚናገረው ነገር እንዳለው፣ ነገር ግን ባለጉዳዩ ራሱ እንዲናገር እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ጊዜ እንደሰጠው ነግሯት ነበር። እሷም ስሙን ሳትጠይቅ «ውድድሬን አታበላሽብኝ» ብላ አባርራዋለች። አሁን ያን ቃሏን ብትመልሰው ደስ ባላት።

ከዚያ በኋላ ሹራቡ ከሬሳው አንገት የፈቱትን ኮምፓስ ከአሰልጣኙ ኮምፓስ ጎን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ሴትየዋ ከጥጓ ሆና አየችው። የአንዱ ቀይ ጫፍ ወደ ግድግዳው፣ የሌላው በተቃራኒው ወደ በሩ ያመለክታል። ሹራቡ ወንበሮቹን እያለፈ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ የደረት ኪሱ በምንድን ነው የሚዘጋው?»

«በማግኔት ቁልፍ። ለእጅ ቦርሳ የምንሰፋው ዓይነት ነው። በብርድ የደነዘዘ ጣት ዚፕ መክፈት ያቅተዋል።»

«መቼ ሰፋሽው?»

«ካስመዘገብኩት በኋላ። አንድ ወር አልፎታል።»

ሌላ አልጠየቃትም። እሷ ግን ጥያቄውን ራሷ ጨረሰችው። ማግኔት የኮምፓስ መርፌን እንደሚያበላሽ ባሏ ነግሯት ያውቅ ይሆን? ምናልባት ነግሯት፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ አልሰማችውም። ያስመዘገበችውም እሷ፣ ኪሱን የሰፋችውም እሷ ናት። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም።

አመሻሹ ላይ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሹራቡ እጆቹን በብርጭቆ ሻይ እያሞቀ ነበር።

«ሟቹ አልተሳሳተም» ብሎ ጀመረ። «ኮምፓሱ ሰሜን ነው ወዳለው ሄደ። ኮምፓሱ ግን ተገልብጧል፤ ሰሜን የሚለው ደቡብን ነው። በጉም ውስጥ ስሜትህን ትተህ መርፌውን እመን ትባባላላችሁ አይደል? እንደ እኔ ያለው ደንቆሮ ግራ ገብቶት ድንጋይ ላይ ቁጭ ይል ነበር። እሱ ጎበዝ ስለሆነ ሞተ።»

አሰልጣኙ ግንባሩን መታ። «ኪሱ! ማግኔት አለበት እኮ። ግን በእሷ አይፈረድም፣ አውቃ አላደረገችውም።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች፤ ለደንበኛ የልብስ ልክ እንደምትነግር ሆና።

«ቆይ እህቴ» አለ ሹራቡ። «ያ ኮምፓስ በዚያ ኪስ ውስጥ ወር ሰንብቷል። በዋዜማው ከዚያው ኪስ ወጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ደህና ነበር። የቦርሳ ቁልፍ በወር ያልገለበጠውን በአንድ ሌሊት አይገለብጠውም። ብርቱ ማግኔት ይዞ መርፌው ላይ መደገን ያስፈልጋል። እንደዚህ ዓይነቱን፣ ሰሌዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፉበትን፣ በአንተ በአሰልጣኙ ሻንጣ ውስጥ አገኘን። በዚያ ሌሊት አንድ ድንኳን ውስጥ ያደራችሁትም አንተና ሟቹ ብቻ ናችሁ።»

«አሰልጣኝ ነኝ፤ የሰሌዳ ማግኔት ቢኖረኝ ምን ይገርማል?»

«ምንም። ለዚህ ብቻ አላስርህም። ነገር ግን ኮምፓሶቻችንን ጎን ለጎን አይተን ልክ ነበር ብለኸኛል። እስቲ እያቸው፤ አሁን ጎን ለጎን ናቸው።»

አሰልጣኙ መስኮቱን አላየም። «ሲወድቅ ተመትቶ ይሆናላ የተገለበጠው።»

«ከመውደቁ በፊት ደህና ከነበረ፣ ወደ ገደሉ ምን ወሰደው?»

ሹራቡ ሻይውን አስቀመጠና የቀረውን ታሪክ በለሆሳስ ጨረሰው። የአሰልጣኙ የአምና ጥንድ በስልክ እንዳመነው፣ ዋንጫው የተገኘው ባንዲራዎቹ የሚተከሉበትን ቦታ ቀድሞ በመሰለል ነው። ሟቹ ይህን ደርሶበት ነበር፤ ዘንድሮ ለመመዝገብ ያመነታውም ለዚህ ነው። ሳያስበው ሲመዘገብ ግን ለጓደኛው የመጨረሻ ዕድል ሰጠው፦ አብረን እንሩጥ፣ ስንጨርስ ራስህ ተናገር። ይህ ቢሰማ ለአሰልጣኙ ወጣቶችን አምኖ የሚሰጠው አይኖርም።

ሴትየዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። «ማግኔት አድርጊለት ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው። «ሱቄ ድረስ መጥተህ። ጣቱ እንዳይቸገር ብለህ። እኔ ደግሞ እንዴት ያለ ጓደኛ አለው ብዬ ነበር።»

አሰልጣኙ የፋሻውን ጫፍ መፍታት ጀመረ። እግሩ ምንም አልሆነም ነበር። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሳያነክስ ወጣ።

አዘጋጇ መጥታ ሴትየዋን አቀፈቻት፤ ዕቃ ፈታሹም እንኳን አንቺ አልሆንሽ እያለ ደጋግሞ መረቃት። እሷ እንደ እንግዳ ቋንቋ ሰማቻቸው። ከቃሬዛው ጀምሮ የምታስበው ነገር ነበራት፤ ኪሱ፣ ምዝገባው፣ ያልሰማችው ማስጠንቀቂያ። ጥፋተኛ በነበረች ጊዜ ሥራ አልፈታችም። አሁን ጥፋቱን ተቀብለዋት ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ቀረላት።

«ሞቷል ማለት ነው?» አለችው ሹራቡን።

ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ የዋለው ሰው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አዎ፣ እህቴ» አላት።

ያን ጊዜ ስትጠብቀው ያልመጣው እንባ መጣ።